ውሃ የከለላቸው ቅዱሳን ስፍራዎች

ገዳምና ሐይቅ በኢትዮጵያ የቆየ ትስስር አላቸው። ከዓለም መለየት የፈለገ መናኝ ተራራ ይወጣል፣ ዋሻ ይገባል፤ ሐይቅ ባለበት አገር ደግሞ በታንኳ ደሴት ይሻገራል። ክፉ ቀን ሲመጣም ታቦቱ፣ የብራና መጽሐፉና የነገሥታቱ አጽም የሚሸሸጉት እዚያው ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የሐይቅና የወንዝ ዳር እርጥብ ሣር ተይዞ ለዋቃ (ለፈጣሪ) ምስጋና የሚቀርብበት ስፍራ ነው። ዛሬ ጎብኚ እነዚህን ሐይቆች የሚፈልጋቸው በአብዛኛው ለውበታቸው ነው፤ ውበታቸውን እስከዛሬ ያቆየላቸው ግን ቅድስናቸው ነው። በዳርቻቸው ያለው ዛፍ ከመጥረቢያ የዳነው፣ በገዳሞቻቸው ዕቃ ቤት ያለው ብራና ከእሳት የተረፈው ሰው ስለፈራቸውና ስላከበራቸው ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ውሃና ወፍ አይቶ ይመለሳል፤ አውቆ የሄደ ግን ብዙ ያያል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ጣና ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ ሐይቅ ስፋቱ እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ቢልም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአገሪቱም ትልቁ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም የዚያኑ ያህል ይመስለዋል። ሆኖም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ በደቡብ በኩል የወንዞቹን መውረጃ ዘግቶት ውሃው ወደ ኋላ ተኝቷል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ከእሱ የሚወጣው ወንዝ አባይ ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ ሲነሳበት ቶሎ ይናወጣል። ነፋሱ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ መንገደኞቹን ይዞ የሚነሳው በማለዳ ነው፤ ወደ ሩቆቹ ደሴቶች ለመሄድ ያሰበም ይህን ምክር መስማት ይኖርበታል።

የጣና ቅድስና የሚጀምረው ሐይቁ ዘንድ ሳይደረስ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ ያለችው የግሽ አባይ ምንጭ የግልገል አባይ መነሻ ናት። ምንጯ ጸበል ናት፤ ምዕመናን ከሩቅ መጥተው ይጠመቁባታል፣ በጀሪካን ቀድተውም ለታመመ ይወስዳሉ። የቦታው ጻድቅ አቡነ ዘርአ ብሩክ ናቸው። በገድላቸው እንደሚነገረው ሊያስሯቸው የመጡ ሰዎች ሲይዟቸው ሰባት መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከእስር ሲመለሱም ወንዙ ሳያርስ መለሰላቸው። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ለዘመናት የሆነውን ለሚያውቅ ይህ ትውፊት ከልብ የሚገባ ነው። በጣናም ውሃው የመጻሕፍት አደራ ጠባቂ ሆኖ ኖሯልና።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከዘጌ ቢጀምር ይሻለዋል። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በመኪናም ይደረሳል፤ በውሃ መሄዱ ግን ይመረጣል። ከጀልባ ተወርዶ ወደ ገዳማቱ የሚወጣው የእግር መንገድ በቡና ጫካ መካከል ያልፋል። ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ጥላቸውን ጥለዋል፤ ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ ወፉ አያባራም። በትውፊት እንደሚነገረው የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ሲተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ፤ የዘጌ ሰውም በእነዚህ እንዲኖር፣ ምድሩን በበሬ እንዳያርስ፣ ከብት እንዳያረባ ታዘዘ። ትእዛዙ ለብዙ ትውልድ ተከብሯል። ውጤቱንም ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ በዙሪያው ያለው ዳርቻ እስከ ውሃው አፋፍ ሲታረስ ዘጌ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። የደን ጥበቃ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የአንድ መነኩሴ ቃል ይህን ያህል ሥራ ሠርቷል።

በዘጌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሰው የሚያየው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ነው። እንደ አብዛኞቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ሆኖ ተከፍሏል። በግቢው የተሰቀለው የድንጋይ ደወል ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ዝምተኛ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ ሰፊ ክዳን፣ ከባድ የእንጨት በሮች ናቸው። ጫማ ወልቆ ሲገባና በሮቹ ሲከፈቱ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኖ ይታያል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ፤ ከሃዲውና ገዳዩ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ልማድ ያወቀ ጎብኚ ማንም ሳይነግረው የአንዱን ሥዕል ታሪክ ከሌላው ለይቶ መከተል ይችላል።

ብዙ ጊዜ ሊቆምበት የሚገባው የበላዔ ሰብእ ሥዕል ነው። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ያለ፣ በየኪዳነ ምሕረት በዓሉ የሚነገር ነው። ሰው እየገደለ ይበላ የነበረው በላዔ ሰብእ አንድ ቀን መንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ያገኛል። በሽተኛው በብዙ ስም ቢለምነው አልሰማም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ተመዘነች፤ በአንዱ ወገን የበላቸው ሰዎች፣ በሌላው ያች ጥርኝ ውሃ ተቀመጡ። ሠዓሊው ሚዛኑን፣ የሚጠብቁትን አጋንንት፣ በውሃዋም ላይ ጥላዋን የጣለችውን እመቤታችንን አሳይቷል። ይህን ሥዕል በውሃ በተከበበ ምድር ላይ ቆሞ ማየት ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቃል። ብዙ አስጎብኚዎች በፍጥነት ያልፉታል፤ ጎብኚው አቁሞ ቢጠይቃቸው ይጠቀማል።

ከዘጌ ወዲያ ደሴቶቹ ናቸው። ቁጥራቸው ከ30 በላይ ሲሆን በብዙዎቹ ላይ ገዳም አለ ወይም ነበረ። ለባሕር ዳር ቅርብ ከሆኑት አንዱ ክብራን ገብርኤል በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ዘዮሐንስ የተመሠረተ፣ በብራና መጻሕፍቱ ብዛት የታወቀ ገዳም ነው። ከጎኑ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ትንሽ ናት። በሐይቁ ሰፊ ደሴት በደቅ የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። የሥዕሉ ጥራትና የግንቡ አሠራር የጎንደርን ቤተ መንግሥት እጅ ያሳያል። እስከዚያ ለመድረስ ረጅም የጀልባ ጉዞ ስለሚጠይቅ ጥቂቶች ብቻ ይደርሱበታል፤ የደረሰ ግን አይቆጭም።

ከደቅ አጠገብ እንደ ቀጥ ያለ ኮረብታ ከውሃው የወጣችው ዳጋ ናት። ዳጋ እስጢፋኖስን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኂሩተ አምላክ እንደመሠረቱት ይነገራል። በገዳሙ ዕቃ ቤት የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አጽም በየሣጥኑ ተቀምጧል። ከ13ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን በተለያየ ዘመን የነገሡ፣ በሕይወት ሳሉም በድንኳንና በግንብ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የኖሩ ነገሥታት በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው ደሴቱ ምን ያህል አስተማማኝ መጠጊያ እንደነበር ይመሰክራል። በምሥራቅ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ ደግሞ ከሁሉም የጠለቀ ትውፊት አለው። ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደኖረች፣ እመቤታችንም ከስደት ስትመለስ እንዳረፈችበት መነኮሳቱ ይተርካሉ፤ ለኦሪት መሥዋዕት ያገለገሉ ናቸው የሚባሉ የተፈለፈሉ ድንጋዮችንም ያሳያሉ።

ሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ አይገቡም። ይህ የገዳሙ ሥርዓት በመሆኑ ከጀልባ ኪራዩ በፊት ሊታወቅ ይገባል፤ ደሴቱ ጫፍ ደርሶ ጀልባ ላይ መጠበቅ ደስ አይልም። የዘጌ ገዳማት፣ እንጦስ ኢየሱስና ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ በእነዚህ ቢያቅድ ማንም ሳይጎድል ያያል።

በውሃው ላይ ከሞተር ጀልባዎቹ መካከል የሚታየው ታንኳ ራሱን የቻለ ቅርስ ነው። የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከዳርቻው ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየታሠረ ይጠበቃል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሞ ይታሰራል። ታንኳ ቀላል ነው፣ ድንጋይም ቢነካው አይሰበርም፤ ውሃ ከጠጣ ግን ስለሚከብድ ዳር ወጥቶ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ማገዶውና ቡናው፣ ዓሣውና ተሳላሚው ለዘመናት የተሻገሩት በእሱ ነው። የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር «ራ» የተባለውን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። በዳርቻው የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች በደንገል ሥራ የታወቁ ናቸው። በባሕር ዳር ዳርቻ የደንገል ዕቃ የሚሸጡትን ያገኘ ጎብኚ ዋጋ ሳይከራከር ቢገዛ ገንዘቡ በትክክለኛው እጅ ይገባል።

ጣና ግን ታሟል። እምቦጭ የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቶ ከዚያ ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። አረሙ የውሃውን ፊት ይሸፍናል፣ የዓሣ መረብ ያግዳል፣ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሲነቀልም ፍሬው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅና ደግሞ ይበቅላል። የፎገራና የደምቢያ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ከየከተማው ተማሪና ሠራተኛ በዘመቻ ሄዶ ሲያግዝ ታይቷል፤ ማሽንም ገብቷል። ከላይ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በወንዞቹ ወደ ሐይቁ መውረዱ፣ ከማሳ የሚመጣው ማዳበሪያም አረሙን መመገቡ ካልቆመ ግን ነቀላው ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የነጭ አሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ውሃ ነውና መዝገቡ ይገባዋል። መዝገብ በራሱ ግን አረም አይነቅልም፤ ተራራውን በዛፍ መሸፈን የሚችለው ያው የአካባቢው ሕዝብ፣ በመንግሥት እገዛ ነው።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከጣና ጋር አብሮ ይጎበኛል። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተጠለፈ ወዲህ በበጋ ስለሚሳሳ የሚያምረው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ከጣና ወደ ምሥራቅ፣ በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ የተባለው ከተማና ስሙን የሰጠው ሐይቅ ይገኛሉ። ይህኛው በስፋት ከጣና ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በጥልቀት ግን ጣናን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ተራሮች ከበውት ስለሚገኝ ጠዋት ላይ ውሃው ጸጥ ይላል፣ ቀለሙም ከሰማዩ ጋር ይለዋወጣል። የአካባቢው ሰው ስለ አፈጣጠሩ የሚተርከው አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ኋላ ገዳሙ የተሠራው እዚያ ላይ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ያለው ቦታ ከስፋቱ ጋር አይመዛዘንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን የንባብና የምንኩስና ትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት በእሳቸው እግር ሥር ለዓመታት ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ይዘው በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ መካከል ይቆጠሩ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያበረከቱት፣ የራሳቸውም ሥዕል ያለበት አርባዕቱ ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ ዘልቆ እስካሁን አለ። ውሃ ሁልጊዜ ያስጥላል ማለት ግን አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር ሐይቁን ተሻግሮ ገዳሙን መዝብሯል። ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ ሆኗል፤ በእግር ይደረሳል። የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ አይዘልቁም። ከጉብኝቱ በኋላ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብሎ የሐይቁን ዓሣ መብላት የወሎ መንገደኞች የቆየ ልማድ ነው።

ከዚህ ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ዝዋይ ወይም ደምበል አለ። የዳርቻው ከተማ አሁን ባቱ ይባላል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም በብዙው ቦታ ከጥቂት ሜትር በላይ ጥልቀት የለውም። አባ ኮዳና ሻላ በጀልባ መነሻው አካባቢ የዓሣ ትራፊ ለመልቀም ከሰው ጋር ተቀላቅለው ይውላሉ፤ ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ብዙ ያያል። የመንገደኛው ልማድ ዓሣ በልቶ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ማለፍ ነው፤ ደሴቶቹን ሳያዩ ማለፍ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮንም ይባላል። በዚህም የሚነገረው ትውፊት ከጣና ቂርቆስ ጋር ይመሳሰላል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ጽላተ ሙሴን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው ወደዚህ ደሴት አመጧት፤ ሰላም እስኪሆን ለ70 ዓመት ያህል ቆይታ ተመለሰች ይላል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ፤ ከሴም ቋንቋዎች የሚመደብ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ክርስትናቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና የእርከን እርሻቸውን ይዘው በውሃው ተከልለው ዘመናት ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምኒልክ አካባቢውን ሲይዙ ደሴቶቹ ዳግም ከመሐል አገሩ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተገናኙ። አሁን ብዙ ወጣት ዛዮች ለሥራ ወደ ከተማ ወጥተዋል፤ ቋንቋውም እየሳሳ ነው። ሽማግሌዎቹ ባሉበት ዘመን ቱሉ ጉዶን መጎብኘት ከምንም በላይ እነሱን መስማት ነው።

የዝዋይ ውሃ የሚፈለገው በብዙ ወገን ነው፤ አነስተኛ መስኖ፣ የአበባ እርሻና የከተማው የመጠጥ ውሃ ሁሉም ከእሱ ይቀዳሉ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመገበው አብያታ በብዙ ማፈግፈጉ ከላይ የሚወሰደው ውሃ ታች ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳያል።

ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ሜዳውን ብቻውን የተቆጣጠረው የዝቋላ ተራራ አናቱ ላይ ሐይቅ ተሸክሟል። ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል። በአፉ ውስጥ የተጠራቀመው ክብ ውሃ በጽድና በሌሎች የአገር ዛፎች ተከብቧል፤ ጉሬዛዎች በዛፎቹ ላይ ይታያሉ። ገዳሙ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። ጻድቁ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ራሳቸውን ዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደጸለዩ በገድላቸው ተጽፏል፤ በሥዕልም አንበሶችና ነብሮች ተከትለዋቸው ይታያሉ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ተራራው በተሳላሚ ይሞላል። ዝቋላን የኦሮሞ ባህላዊ እምነት ተከታዮችም ያከብሩታል፤ የሁለቱም ወገን ተሳላሚ አንዱን ዳገት ይወጣል። ሐይቁ ጸበል ስለሆነ አይዋኝበትም። በደኑ ላይ በተለያየ ጊዜ እሳት ተነስቶ የአካባቢው ገበሬና ከሩቅ የመጣ ወጣት ቅጠል ይዞ አጥፍቷል፤ እሳቱ በሚሰጋበት በበጋ ወራት ተራራው ላይ እሳት ማንደድ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

ቢሾፍቱ ራሷ በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች የተሠሩ ሐይቆች ከተማ ናት። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ባቦጋያና ሆራ አርሰዲም የጉድጓድ ሐይቆች ናቸው። በቅድስናው የሚታወቀው ሆራ አርሰዲ ነው። ክረምቱ አልፎ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ መስቀል ከዋለ በኋላ በሚመጣው እሑድ የኢሬቻ በዓል በዳርቻው ይከበራል። በነጭ ልብስ የደመቀው ሕዝብ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሣሩን ነክሮ ራሱን ይረጫል፣ ከጨለማው ወቅት ወደ ብርሃን ላሸጋገረው ዋቃ ምስጋና ያቀርባል። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፤ እናቶች ሲንቄ በትራቸውን ይዘው ይዘምራሉ። ኢሬቻ የሚመራበት የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት በበዓሉ ላይ በተፈጠረው ግርግር ብዙ ሰዎች ሞተዋል፤ ዳርቻውን የሚጎበኝ ሰው ይህንንም እያሰበ ቢቆም ተገቢ ነው። በበዓሉ ሌሊት መንገዱ ስለሚዘጋ ተሳታፊ ለመሆን የፈለገ በዋዜማው ከተማው ውስጥ ማደር አለበት። ሐይቁን ብቻ ማየት የፈለገ ደግሞ ሌላ ቀን ይምረጥ።

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ ከሁሉም በመልኩ የሚመረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። በፈረስ ሐይቁ ወዳለበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ይወረዳል፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደሴት ይሻገራል፤ ፍልውሃና የማዕድን ውሃ ምንጭም አለው። በቅርቡ የተሠራው መንገድና ማረፊያ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ፈረስ የሚያከራዩት የመንደሩ ሰዎች ግን ከገቢው ድርሻ እንዳይጎድልባቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በሰሜን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የጣናንና የሐይቅን ጀልባ ነጂዎች፣ አስጎብኚዎችና ገዳማት ክፉኛ ጎድቷል፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ወደ ገዳም የሚገባ ሰው ረጅም ልብስ ይልበስ፣ ሴቶች ነጠላ ይያዙ፣ ጫማ በር ላይ ይቅር፤ ፎቶግራፍ የሚነሳው ሲፈቀድ ነው፤ የካሜራ ብልጭታ ለአሮጌ ሥዕል ጎጂ ነው። በጣናና በዝዋይ ቢልሃርዝያ ስላለ መዋኘት አይመከርም። የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ወደ ደሴት የተሻገረ ሰው ይዞት ይመለስ፤ ደሴት ላይ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም።

በመጨረሻም፣ መንገድ ላይ አሮጌ ብራና ወይም መስቀል ልሽጥ የሚል ሰው ቢያጋጥም አይግዙ። የገዳሙ መጽሐፍ የሚነበበው በገዳሙ ነው፤ ቅርስ ከአገር ማውጣትም በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው።